ስም የማያልቅበት ሰው

የኮሌጅ መምህሩ ዘለቀ «አላውቀውም» ሲል የሰማው ሰው ጅማ ውስጥ የለም። መሬት ለመሬት የሄደ ሣር ሁሉ ለእሱ ሰርዶ ነው፤ ቀና ያለው ሁሉ ሙጃ። ግራ ሲገባው ደግሞ ላቲን የሚመስል ነገር ይፈጥራል፤ ተማሪዎቹም ተሽቀዳድመው ይጽፋሉ።

ሲሃም እዚያው ኮሌጅ ስለ ዕፅዋት ታስተምራለች። በዕድሜ ስለሚበልጣት «እርስዎ» ትለዋለች፤ በሆዷ ግን ሌላ ስም አውጥታለታለች።

በጥቅምት ተማሪዎቻቸውን ይዘው ከጅሬን ባሻገር ወዳለ የቡና ጫካ ወጡ። ቦና የሚባል ተማሪ ከአንድ ቡና ሥር ያልለመደው ነገር አየ፤ ቅጠሉ ጎደሬ የሚያስታውስ፣ ፍሬው እንደ በቆሎ እሸት ጥቅጥቅ ብሎ የቀላ።

«ይሄ ምንድነው ቲቸር?»

«አላውቀውም» አለች ሲሃም። «ከነሥሩ ነቅለን በጋዜጣ ጠቅልለን እንወስደዋለን። ከዚያ እናመሳክራለን።»

ዘለቀ ከት ብሎ ሳቀ። «አስተማሪ ሆነሽ አላውቀውም ትያለሽ? የዱር ጎደሬ ነው! እኛ ይሄን ፍሬ እየበላን ነው ያደግነው።»

ያደገው ደብረ ብርሃን ነው። ጫካ ያየው እዚህ ተመድቦ ከመጣ ወዲህ እንደሆነ ሲሃም ታውቃለች።

«ጋሼ፣ ጎደሬም ቢሆን እኮ ጥሬውን ያሳክካል። አይቅመሱት።»

«ዲሳ፣ ይተዉት ጋሼ!» አለ ቦናም ኦሮምኛ ቀላቅሎ።

ዘለቀ ግን ፍሬውን ቆንጥሮ አፉ ውስጥ ጣለና አኘከ። «ጣፋ...» ብሎ ቀረ። ምላሱን በመርፌ የጠቀጠቁት ይመስል እየተፋ ተንደፋደፈ።

ሲሃም አፉን አጉመጠመጠችው፤ ባጃጅ ለምና ወደ ጤና ጣቢያ ይዛው ወረደች። ምላሱ አብጦ ቃል አልወጣውም። ልታዝንለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። እንዲህ ያለ ጸጥታ ከእሱ አግኝታ አታውቅም።

«ምን በልቶ ነው?» አለች ነርሷ።

«የማናውቀውን ተክል» አለች ሲሃም።

ዘለቀ ራሱን በቁጣ ነቀነቀ። እስክሪብቶ በምልክት ጠይቆ መዳፉ ላይ ጻፈና ለነርሷ ዘረጋላት።

ነርሷ አንብባ ግራ ተጋባች። «ይሄማ የአሜባ መድኃኒት ስም ነው።»

አፉ ዳነ፤ ተመልሶም መጣ። የገባው በቀጥታ ክፍል ነበር። «መርዛማነቱን ለሳይንስ ስል በራሴ ላይ ሞከርኩት» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ሲሃም በሩ ላይ ቆማ ቦናን ፈለገችው፤ ከሁሉም አብልጦ የሚያጨበጭበው እሱ ነበር። ፊቷን አዙራ ሄደች፤ ያን ቀን የናቀችው ዘለቀን ብቻ አልነበረም።