የደብተራው ላስቲክ

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በረዶ ጠሪ እየተባልኩ ኖሬያለሁ። እናቴ ሆዷ አልይዝ ብሏት በተኛች ጊዜ፣ ያበላሸችውን ባና ይዤ ወንዝ ወረድኩና አጠብኩ። ቀኑ አቦ ነበር፤ አውቃለሁ። ሰው በራሱ ቆሻሻ ላይ ተኝቶ በዓል ይከበራል? በሳምንቱ በረዶ ወርዶ ያገሩን ገብስ አረገፈው። በረዶ መላሻችን ደብተራ መርስዔ ኃዘን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመና፣ «እኔ አስሬው ነበር፤ ባቦ ዕለት ያጠበችው ፈታችው» አለ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። እናቴ ያን ክረምት ሞተች፤ ለቀብሯ ግማሹ ሰው አልመጣም።

እኔ ግን እንደሌላው ሁሉ ለበረዶ መላሹ የሚሰጠውን አንድ ቁና ገብስ በየዓመቱ ከመስጠት አልቀረሁም። ለምን ብትሉ ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እሱም በሱረት ያደፈ አፍንጫውን በጣቱ ጠርጎ፣ በዚያው እጁ ገብሴን እየዛቀ፣ «አጽድተሽዋል?» ይለኛል። እሱ እኔን!

ዘንድሮ የበልጉ ገብስ እንደደረሰ፣ ዓርብ ዕለት ሬዲዮው ከረቡዕ ጀምሮ ነጎድጓድና በረዶ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ሊጥል ይችላል አለ። የቀበሌው የእርሻ ባለሙያ ስንታየሁም፣ «የደረሰውን እጨዱ፣ ከምራችሁ ሸፍኑ» እያለች ቤት ለቤት ዞረች። ደብተራው ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ «አስሬዋለሁ፤ ሚካኤል ሳያልፍ ማጭድ ያነሳ ሰው ይፈታዋል» ብሎ አስጠነቀቀ። ሚካኤል ማክሰኞ ነው። ማግስቱን ዝናቡ ነው፤ ታዲያ መቼ ልናጭድ ነው? ባሌ ከሞተ ወዲህ የማሳጭደው በደቦ ነበር፤ ደቦው በሱ ቃል ቀረ። ያችው አንዲት ማሳ ከረገፈች ደግሞ እስከ ታኅሣሥ የምቀምሰው የለኝም።

ሰኞ፣ በረዶውን አጥብቆ ቢይዝልኝ ብዬ ቁናዬን ተሸክሜ ቤቱ ሄድኩ። ከደጅ ብጣራ ዝም። ወደ ጓሮ ዞርኩ። ማሳው ከገደሉ ሥር ስለሆነ ከመንደር አይታይም። ገብሱ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ ጥቁር ላስቲክ ለብሶ፣ ድንጋይ ተጭኖበታል! ሚስቱ አመተሥላሴ ገመዱን ታጠብቃለች።

«እትዬ፣ መቼ አጨዳችሁት?»

«ቅዳሜ…» አለችና አፏን ያዘች።

«በሰንበት?»

ደብተራው ከቤት ወጣ። «ምን ታፈጪያለሽ? ላስቲኩ ለወፍ ነው።»

«ወፏስ ከረቡዕ ነው እንዴ የምትመጣው፣ የኔታ?»

«ምላስሽን ሰብስቢ! ይልቅ ቁናውን አምጪ» ብሎ ያንኑ እጁን ዘረጋልኝ። ለዚህ ሰው ቃል ተገዝቼ ነው እናቴን ያዋረድኳት፤ ለዚህ ሰው ነው ከጉሮሮዬ ነጥቄ የሰጠሁት። ከሱ ይልቅ ራሴን ተጸየፍኩ። ገብሴን እንደተሸከምኩ ተመለስኩና ማጭዴን ስዬ ማሳዬ ገባሁ። እስኪመሽ ባጭድ ግማሹ እንኳ አላለቀም።

ማክሰኞ በጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሬ አማተብኩ፤ «ሚካኤል፣ አንተ ታያለህ» አልኩና ቀጠልኩ። ሰዉ ከቅዳሴ ሲመለስ በማሳዬ ዳር ቆመ። ጎረቤቴ ደብሪቱ ጮኸች፦

«አንቺ! በሚካኤል? ደግሞ ልትጠሪብን?»

«ደብተራሽ በቅዳሜ አጭዶ ላስቲክ አልብሶታል። ሂጂና ጓሮውን እዪ።»

«ውሸት!»

«እግር የለሽም?»

ከኋላቸው ደብተራው ጃንጥላውን እየነቀነቀ፣ «አትስሟት! ይህች ርኩስ!» አለ።

ቀና አልኩ። «ርኩስስ አንተ ነህ። ከእንግዲህ ከኔ ቤት አንዲት ፍሬ ገብስ አታይም» አልኩት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ደብሪቱ ነጠላዋን አጥብቃ ወደ ገደሉ ወረደች፤ ሁለት ሦስት ሰዎችም ተከተሏት። ምን ይዘው እንደሚመለሱ ቆሜ አልጠበቅኩም። ጎንበስ ብዬ ማጨዴን ቀጠልኩ።