የካቦው የክርስትና ልጅ

እዚህ አሜሪካ፣ የሳሊናስ ባለርስቶች እግዜር ይስጣቸው፣ ለወገባችን ተጨንቀው ነው መኮትኮቻውን አጭር ያደረጉት። እጀታው ከክንዴ ያንሳል። በእሱ ሰላጣ ማሳሳት ማለት ቀኑን ሙሉ እንደ ዶሮ መሬት መሬቱን እያዩ መሄድ ነው። ለምን አይረዝምም ብሎ የጠየቀ፣ «ሰላጣው ይጎዳል» ይባላል። ለሰላጣ እንዲህ የሚያዝን ልብ የት ይገኛል! እውነቱ ሌላ ነው፤ መኮትኮቻው ካጠረ፣ ቀና ያለ ሁሉ ሥራ አቁሟል ማለት ነው። ካቦው ከመኪናው ሳይወርድ ያየዋል።

ካቦአችን ኤራክሊዮ እንደ እኛው ከድንበሩ ማዶ፣ ከሚቾአካን የመጣ ሰው ነው። ከእኛ ትንሽ ቀድሞ ስለመጣ አሜሪካን የሠራት ይመስለዋል።

በዚያ ዓመት የባሌ የኖርቤርቶ ወገብ ተያዘ። መስመሩን ሳይጨርስ ቀና ይላል፣ ኤራክሊዮ ከመኪናው ይጮሃል።

«አንተ! ሰማይ ላይ ሰላጣ በቀለልህ እንዴ?»

ቀና ማለት ያበዛ ይባረራል። የምንኖርባት ክፍል ደግሞ የእርሻው ናት፤ ሥራው ከሄደ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። እኔ አራስ ነበርኩ፤ ብሪሂዳን ገና መውለዴ ነው።

«ልጅቷን ኤራክሊዮ ክርስትና ያንሳት» አልኩት ባሌን።

«ኤፊሄኒያ፣ አብደሻል? ያንን እባብ?»

«አበልጅህ ከሆነ በምን አፉ ይነድፍሃል?»

በእኛ አገር የክርስትና አባት ሁን የተባለ ሰው እምቢ አይልም። ከአበልጅ ጋር አይጣሉም፣ አበልጅን አንተ አይሉም። ኤራክሊዮም ደረቱን ነፍቶ ቤተ ክርስቲያን መጣ። ወላጆቿ ማሳደግ ቢያቅታቸው እንደ አባት ታሳድጋታለህ ወይ ብለው ቄሱ ሲጠይቁት፣ የኋላ ወንበር ድረስ እንዲሰማ አድርጎ «አሳድጋለሁ!» አለ። ከዚያ እኔ ቤት ገብቶ፣ በሞሌ፣ በአገራችን የበርበሬ ወጥ፣ የሠራሁትን ዶሮ መረቁ በአገጩ እስኪወርድ በላ።

ሰኞ ባሌ ቀና አለ። ጩኸት የለም። ኤራክሊዮ ከመኪናው ወረደ፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እንደምን አደሩ አበልጄ? እባክዎን ጎንበስ ይበሉልኝ።»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቁን ሰላጣው ውስጥ ቀበረ። ዶሮዬን አርጄ ያተረፍኩት ይህን ነው፤ ትሕትና። ወገብ ግን እርስዎ ስለተባለ አይድንም። ሐሙስ ባሌ መኮትኮቻውን በብብቱ ይዞ ቤት ገባ።

«ምነው?»

«ተባረርኩ። ቤቱንም እስከ እሁድ ቢለቁልን ብሎኛል።» ትንሽ አሰበና፣ «ግን በክብር ነው ያባረረኝ» አለ።

ወንዶች በምን እንደሚጽናኑ አይገባኝም። ብሪሂዳ የምትጠባበት ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ሆን ብዬ አለፍኩት። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወደ እርሻው ሄድኩና ኤራክሊዮ እቅፍ ውስጥ አስቀመጥኳት።

«እንኳን ደስ ያለዎት አበልጄ። ልጅዎ መጣች።»

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አባቷ ሥራ የለው፣ ቤት የለው። ማን ያሳድጋታል ሲባል ማን ነበር የጮኸው? እኔ አልነበርኩም።»

«ሴትዮ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ!»

«እሷም ሥራ ላይ ናት።»

እውነቴን ነው፤ ልጄ የመኪናውን መስታወት የሚሰነጥቅ ጩኸት ለቀቀችው። ጀርባዬን ሰጥቼ መንገድ ጀመርኩ። ከኋላዬ ሠራተኛው አንድ በአንድ ቀና አለ፤ እርሻው ሙሉ ሰው እንደ ዛፍ ቆመ። ኤራክሊዮ «ጎንበስ!» ሊል አፉን ሲከፍት ብሪሂዳ ትቀድመዋለች።

«ካቦ፣ አንገቷን ይደግፉ እንጂ!» አለች አሮጊቷ ፉዌንሳንታ።

«ቀና ይበሉ፣ ካቦ! ጎንበስ ሲሉ ታስመልሳለች!» አለ ሌላው።

ይህን ጊዜ በመንገዱ ጫፍ አቧራ ተነሣ። የባለርስቱ መኪና ነው። አንድም ሰው ያልጎነበሰበት እርሻ፣ ሕፃን ያቀፈ ካቦ! ኤራክሊዮ ልጄን እንደ ጋለ ድስት ከፊቱ አርቆ ይዞ እየሮጠ ደረሰብኝ።

«አበልጄ! በጓዳሉፔዋ እመቤት ይዤዎታለሁ፣ ይቀበሉኝ!»

«ባሌስ?»

«የውሃውን መኪና እሰጣቸዋለሁ! ቆመው ውሃ ያድሉ!»

«ቤቱስ?»

«ቤቱም ይሁን!»

«አልሰማሁም። ቄሱ ፊት እንዳሉት አድርገው ይበሉት።»

ጮኸ። እርሻው ሁሉ ሰማ። ልጄን ተቀብዬ ጡቴን ሰጠኋት፤ ባለርስቱ ሲደርስ ሠራተኛው አጎንብሶ፣ ኤራክሊዮ ደግሞ ሸሚዙ ላይ ያስመለሰችበትን እየጠራረገ ነበር።

ባሌ ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ ውሃ አደለ። ሌሎቻችን፣ እኔም አራስነቴ ሲያበቃ፣ ሕጉ መጥቶ አጭሩን መኮትኮቻ እስኪከለክል ድረስ ዓመታት ጎነበስን። በረጅሙ ስንጀምር ባለርስቶቹ በጣም አዘኑ፤ ሰላጣው ግን ምንም አልሆነም።

ኤራክሊዮ? በዚያው መከር በሠፈሩ ያረገዘች ሴት ሁሉ ለክርስትና አባትነት ዓይኗን እሱ ላይ ጣለች። የውሃ መኪናው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ኤራክሊዮ ቄሱ ቡራኬ ሳይሰጡ በቤተ ክርስቲያኑ የኋላ በር ሹልክ ማለት ጀመረ፤ አንድ እሁድ ግን በሩ ላይ ከእኛው ጋር ሰላጣ የምታሳሳው ኦፌሊያ የገፋ ሆዷን ይዛ፣ ፈገግ ብላ ጠበቀችው።