የሐይቁ ዳር ትኬት

ሻሂዳ ከመኪናው ስትወርድ መጀመሪያ ያየችው ያንን ትልቅ ዛፍ ነው። ከዛፉ ወዲያ፣ ሐይቁ ዳር፣ ጣሪያው ሰማያዊ የሆነው አሮጌው የሙዚቃ መድረክ ቆሟል፤ ፊት ለፊቱ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል።

ከአገር ወጥተው አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ በገቡበት ሰመር እሷና ባሏ ባህሩዲን እሁድ እሁድ እዚህ ይመጡ ነበር። ኢናስ ገና የስድስት ወር ሕፃን ነበረች። መጀመሪያ የመጡ ቀን ባህሩዲን መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ አየት አድርጎ፣ ትኬት ያስፈልጋል ይላል አላት። እሷ ፊደል አልቆጠረችምና አመነችው። ሰመሩን ሙሉ ከዛፉ ሥር ቆመው ሰሙ። ሕፃኗ ሻሂዳ ትከሻ ላይ ትተኛለች፤ ባህሩዲን የከበሮውን ምት በጣቱ ሚስቱ ክንድ ላይ ይመታል። አውሮፕላን ሲያልፍ ሙዚቃው ይዋጣል፤ እሱም ጣቱን አቁሞ ይጠብቃል። ኋላ ብሩክሊን ፓርክ በምትባለው ጎረቤት ከተማ መጋዘን ሥራ ገባ፣ ኦቨርታይም በዛ፣ በዚያው ቀሩ።

አሁን ኢናስ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለኮሌጅ ሌላ ስቴት ልትሄድ ነው። ሻሂዳ እንቅልፍ አጥታለች፤ ስለ ጃኬቱ፣ ስለ ምግቡ፣ በበረዶ ስለ መንዳቱ ትጨነቃለች። ልጅቷ ከመሄዷ በፊት ግን ሦስቱም አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያን ሙዚቃ እንዲሰሙ ተመኘች።

ባለፈው ሳምንት ፍሮግታውን ሰፈር፣ በጎልማሶች ትምህርት ቤት፣ አስተማሪዋ ለንባብ መለማመጃ የሰመር ማስታወቂያዎች አደለቻቸው። ሻሂዳ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የሐይቁ ዳር ሙዚቃ በነፃ ነው፤ ሁሉም ሰው ይገባል። አስተማሪዋ ድሮም እንዲሁ ነበር አለቻት። ሻሂዳ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ባሏ ኩሩ ሰው ነው፤ ኢናስ ፊት ቢያፍር ያ ሰመርም አብሮ የሚበላሽ መሰላት።

ባህሩዲን እንደ ድሮው በቀጥታ ወደ ዛፉ አቀና።

"የኢናስ አባት፣ ትኬት ቆርጫለሁ" አለችው።

"የታለ?"

"ኢናስ ስልክ ላይ ነው።"

ኢናስ አፏን ስትከፍት እናቷ እግሯን ረገጠቻት። ልጅቷ እናቷን አየች፣ አባቷን አየች፣ ከዚያ ስልኳን ከፍ አድርጋ፣ "ለሦስት ሰው" አለች።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ባህሩዲን፣ አሁን ተነስ ይሉኛል እንደሚል ሰው፣ ጫፉ ላይ ብቻ ቁጭ አለ። ሰዉ ብስክሌቱን እየገፋ፣ ውሻውን እየጎተተ ይገባል፤ የሚጠይቀው የለም። ትኬት የሚያይ የለም እንዴ ሲላት፣ እዚህ ሰው ይታመናል አለችው። ፊቷ ግን ጋለ።

ሙዚቃው ተጀመረ። መሃል ላይ አውሮፕላን መጣና ሁሉንም ዋጠው። ባህሩዲን ያን ጊዜ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

"ሰሌዳውን ያኔ ገምቼ ነው" አላት። "አላነበብኩትም።"

"እኔም ከዛፉ ሥር ቆሜ ደክሞኝ አያውቅም" አለችው።

አውሮፕላኑ አለፈ። ባህሩዲን ወደ ኋላ ተደገፈና ጣቱን ክንዷ ላይ አሳረፈ፤ ምቱን ከቆመበት ቀጠለ። በወዲያ በኩል ኢናስ ጭንቅላቷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች። ከብዳለች። ሻሂዳ አልተነቃነቀችም።