ሁለት ጋን፣ አንድ አፍንጫ

ውኃ ቀጂው ጉቱ አህያውን መንገድ ዳር አቁሞ በደጄ ብቅ ያለው ሐሙስ ረፋዱ ላይ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ጉቱ ባርኔጣውን ካወለቀ አንድ ጉድ አለ ማለት ነው።

«እትዬ ትርፌ፣ አትቆጪኝ።»

«ሳልሰማ እንዴት ቃል እገባልሃለሁ? ተናገር።»

«ትናንት ካመጣሁልሽ ስድስት ቆርቆሮ አንዱ የኔ አይደለም። የኔ ቢያፈስብኝ ከከዲሮ ሱቅ ተዋስኩ። አሁን ልመልስለት ብሄድ፣ ላምባ የነበረበት ነው አለኝ። በአመድ አጥቤዋለሁ፤ ግን ላምባ ነገሩ...» አለና ባርኔጣውን አዞረው። «ለማንኛውም አሽትቺው። ያንቺን አፍንጫ ማን ያታልለዋል?»

ሳቅሁ። ከልቤ እንዳልነበረ እሱ አላወቀም። «ሂድ ወደ ሥራህ፣ ምንም የለው» ብዬ ሸኘሁትና በሩን ቀርቅሬ ከጋኖቹ ፊት ተንበረከክሁ።

ሁለት ጋን ናቸው። እሑድ ለሚያገባው ለግዛቸው፣ ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሠርግ የጠመቅኋቸው። ትናንት ከስድስቱ ቆርቆሮ ሦስቱን በቀኙ፣ ሦስቱን በግራው ሞልቼ ከድኛለሁ። ላምባ የነካው የትኛው ውስጥ እንደገባ አላውቅም። ምናልባት አመዱ አጥርቶት ሁለቱም ደህና ይሆናሉ። የቀኙን ከፍቼ ፊቴን አፉ ላይ ደፋሁ፤ አየር ብቻ። የግራውን ከፈትሁ፤ አየር ብቻ።

ልናገረው እንግዲህ፣ ለማንም ያልተናገርሁትን። ሐምሌ ላይ አንድ ክፉ ጉንፋን ያዘኝና ሲለቀኝ አፍንጫዬን ይዞት ሄደ። ሰባት ወር ሊሞላው ነው። ስቀምስ መራራው መራራ፣ ጣፋጩ ጣፋጭ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጠፍቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ቸገረው? የምንጃሯ እናቴ ግን ጌሾን በቁና ሰፍራ አታውቅም ነበር፣ በአፍንጫዋ ነው። እኔንም ያስተማረችኝ እንደዚያው ነው። ገብሱ ሲቆላ መድረሱን፣ ጋኑ በወይራ መታጠኑን፣ ጥንስሱ መብሰሉን የምናውቀው በጠረኑ ነው። እኔ ከሐምሌ ወዲህ በልማድና በድፍረት ነው የምጠምቀው።

ቤቴ አሰላ ውስጥ ስም አለው። በራፌ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ የጻፈልኝ ራሱ ግዛቸው ነው፣ በዚያ ባማረ እጁ። የሸዋ ጠላ፣ ጉሽ፣ ፋርሶ፣ ቅራሪ፣ ቀሪቦ ይላል። ጥቁሩ የሸዋ ጠላ ከየአገሩ ተሹመው ለመጡት መምህራንና ጸሐፊዎች ነው። ከሳጉሬ እህል ጭነው የሚመጡት ገበሬዎች ወፈር ያለውን ፋርሶ ይላሉ። ጉሹ መስከር ለቸኮለ፣ ቅራሪው ኪሱ ለሳሳ። ቀሪቦው የማያሰክር የገብስ መጠጥ ነው፤ በገበያ ቀን ደጅ አግዳሚው ላይ ለሚያርፉት እስላሞች የምትሠራው ጎረቤቴ ዙቤዳ ናት፣ በራሷ ማሰሮ፣ በራሷ ኩባያ። የኔ ጣሳ ከሷ ኩባያ ጋር አንድ ቀን እንኳ ተነካክቶ አያውቅም። ስምንት ዓመት እንዲህ ኖረናል።

ላምባ የሸተተ ጠላ ለሠርግ ከቀረበ ግን ሰሌዳው በማግስቱ ይወርዳል። ባል የለኝ፣ መሬት የለኝ፤ ያለኝ ይህ ቤት ነው።

ላምባ ካለበት ይነድ ይሆናል ብዬ ሰንበሌጥ በጠላው ነክሬ እሳት ላይ ያዝሁት፤ ጭስ ብሎ ጠፋ። ለዶሮዎቹ ባፈስላቸው ጠጡ። ዶሮ ምን ያውቃል! ሰው እንዳላስቀምስ ደግሞ፣ አንድ ሰው «ላምባ» ካለ ወሬው ሁሩታ ከተማ ለመድረስ ከሰዓት በኋላ አይፈጅበትም። ደግሞስ «አንቺ ራስሽ አታሸቺም ወይ?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?

በሩ ተንኳኳ። ግዛቸው ነበር፣ ለምሳ ወጥቶ።

«እትዬ፣ እንዴት ሆነልን? እስቲ አንድ ጊዜ ላሽትተው» ብሎ ወደ ጋኖቹ አለፈ።

እጄን ዘርግቼ አገድሁት። «ወዴት ወዴት! ሙሽራ ከሠርጉ በፊት ጋን አያይም።»

«እንዴ? ለምን?»

«ይኮመጥጣላ!» አልሁት። እዚያው የፈጠርሁት ነው። ግዛቸው በችሎት የሰው ውሸት ሲመዘግብ የሚውል ሰው ነው፤ የኔን ግን አመነኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላወቅሁም» ብሎ ወደ ኋላ እየረገጠ ወጣ። ይህ የዋህ ልጅ እሑድ በእንግዶቹ ፊት በኔ ምክንያት ሊያፍር ነው።

ወሬ የማያወጣ አፍንጫ ያስፈልገኝ ነበር። በዚህ ከተማ እንደዚያ ያለ አንድ ብቻ ነው ያለው፣ የዙቤዳ፤ እሷን መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። ባሏ ሀሰኖ ጠላ የሚለው ቃል በቤቱ እንዲነሳ አይወድም። እሷም አንድ ቀን ስለ መጠጤ ክፉም ደግም ተናግራ አታውቅም። እንዲህ ያለችውን ሴት ነይና ጋን አሽትቺልኝ ይባላል? ሰው ቢያያትስ? ሦስት ጊዜ ወደ አጥሩ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመለስሁ። በአራተኛው ጠራኋት።

«ዙቤዳ!»

በባሕር ዛፉ አጥር ክፍተት አየችኝ። «ማል ታቴ? ምን ሆነሻል፣ ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«አንድ ነገር ልለምንሽ ነበር... ተይው፣ ይቅር።»

ወደ አጥሩ ተጠጋች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አፍንጫሽ ነው?» አለች።

የአጥሩን እንጨት ጨበጥሁ።

«መስከረም ላይ ያረረ ቀሪቦ አመጣሁልሽ፣ አውቄ» አለች። «ድስቱ ሥር የያዘውን። ቀምሰሽ፣ ዛሬስ ጣፈጠልሽ አልሽኝ። ያኔ ነው ያወቅሁት።»

«አምስት ወር ሙሉ አውቀሽ ዝም አልሽኝ?» ንዴቴ መጣ። በሷ ይሁን በራሴ እንጃ።

«አንቺም ዝም ብለሻል። ያልነገርሽኝን እንዴት ብዬ ልናገር? ደግሞ ነገሩ ስለ ጠላ ነው፣ የኔ አፍ የሚገባበት አይደለም።»

የላምባውን ነገር ነገርኋት፣ በአንድ ትንፋሽ። መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየችና «ሀሰኖ አቦምሳ ሄዷል» ብላ በክፍተቱ ሾልካ ገባች።

ከግራው ጋን ፊት ቆመች። ልብሷም እጇም እንዳይነካው ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ሻሿን ከአፍንጫዋ ዝቅ አድርጋ ጎንበስ አለች። ወዲያው ቀና አለች።

«ያ ረቢ! ላምባ ነው።»

ይህ ጋን የእናቴ ነው። በበቅሎ ከምንጃር የመጣ ነው። ሸክላ ደግሞ የጠጣውን አይረሳም። ግን ለማልቀስ ጊዜ አልነበረኝም፤ የቀኙ ገና ነው።

ወደ ቀኙ ጎንበስ አለች። ቆየች። በጣም ቆየች። እንደገና ሳበች።

«ዙቤዳ፣ ዝም አትበይ፤ ልቤ ሊወጣ ነው!»

«ይኼ ያንቺ ነው» አለች።

«የኔ ማለት? ቀምሰሽው አታውቂም፣ በምን አወቅሽ?»

«ስምንት ዓመት በአጥሩ ይመጣብኝ የለ? እኔ አፌን እንጂ አፍንጫዬን አልዘጋሁም። መጀመሪያ ወይራው ይመጣል። ከዚያ የተቆላው ገብስ፣ ልክ ሊያር ሲል ያወጣሽው። በመጨረሻ ጌሾው ይቆነጥጣል። ሁሉም አለ። ወላሂ፣ አለ።»

እሷ ስትናገር ታወቀኝ። የሸተተኝ አይደለም፣ ግን እናቴ ጋኗ ላይ አጎንብሳ ታየችኝና ወይራው መጣ፣ ገብሱ መጣ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ዙቤዳ በሻሿ ጫፍ ፊቴን ጠረገችኝ።

የግራውን ጋን ጓሮ ደፋሁት። ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ ፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ ግዛቸውን አስጠራሁት።

«አንደኛው ጋን ተበላሽቷል፤ ውኃው ላምባ ነበረበት» አልሁት። «እሑድ አንድ ጋን ጠላ ነው ያለህ። በሁለተኛው ፋንታ ቀሪቦ እናቀርባለን፣ ዙቤዳ አደርሳለሁ ብላለች። ከፈለግህ ስደበኝ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። አልሰደበኝም። «እንኳን አሸተቱት፤ የእርስዎ አፍንጫ ባይኖር ተዋርደን ነበር» አለኝ።

እሺ ብዬ ብሄድ ያበቃ ነበር። ሁለት እርምጃ ሄጄ ግን ተመለስሁ።

«እኔ አላሸተትሁም። ከሐምሌ ወዲህ አፍንጫዬ አይሠራም።»

«ታዲያ ማን አሸተተው?»

«እሱን ዳኛው ቢጠይቁኝም አልናገርም።»

ሠርጉ በአንድ ጋን ጠላና በአንድ ጋን ቀሪቦ አለፈ። እንግዳው ጥቂት አጉረመረመ፣ ጠጣ፣ ጨፈረ። የኔ ነገር ግን ወጣ፤ እንዴት እንደወጣ አልጠየቅሁም። መምህራኑ ከፊሎቹ ወዲያ ማዶ ካለው ቤት መጠጣት ጀመሩ። የካቲት እስኪጋመስ አግዳሚዬ ባዶውን የዋለበት ቀን ብዙ ነው።

እኔ መጥመቄን አልተውሁም። ገብሱን ስቆላ ምጣዱን አጥሩ ሥር አደርገዋለሁ። ከአጥሩ ወዲያ የዙቤዳ ሳል ከተሰማኝ አወጣለሁ። ጥንስሱን ስከፍት ደግሞ በክፍተቱ በኩል አቆየዋለሁ። ባለፈው ሳምንት «ጌሾ አብዝተሻል» የሚል ሹክሹክታ መጣ። ለጠላ ጠማቂ፣ ከምንጃር ለመጣች! ተናደድሁ፤ ቀመስሁት፣ እውነትም መሮ ነበር።

ትናንት ግዛቸው ከነሚስቱ መጣ። የሸዋውን ጠላ ቀዳሁለት። አንድ ጊዜ ተጎነጨና ጣሳውን አየት አደረገው። ደግሞ ተጎነጨ፣ እስከ አተላው።

«እትዬ ትርፌ፣ አፍንጫዎ ተመለሰ እንዴ?»

ከአጥሩ ወዲያ ይሰማ የነበረው የዙቤዳ መጥረጊያ ድምፁን አቆመ።

«ተመልሷል» አልሁት፣ ጣሳውን እየተቀበልሁ።

ትንሽ ቆይቶ መጥረጊያው መጥረጉን ቀጠለ።