ፒንሳህን ይዘህ ና

ፒንሳውን ከእጁ ለማስለቀቅ ሦስት ሰው ተረባረበ።

«ስጠኝ ልጄ፣ ስጠኝ ልያዝልህ» ይላል አንዱ የእድር ሽማግሌ። ሌላው ክንዱን ጨብጦታል። ባምላክ ግን ጣቶቹ አልፈታ አሉት። ፒንሳውን ከቦርሳው ያወጣው መታጠፊያው ላይ ከባጃጅ ሲወርድ ነበር፤ አባቱ በር ላይ ቆሞ ከሆነ ከሩቅ እንዲያየው ብሎ። በሩ ላይ የጠበቀው ድንኳን ሆነ። «የጎረቤት ለቅሶ ይሆናል» ብሎ ለማሰብ ሁለት ሦስት እርምጃ ያህል ጊዜ አግኝቷል። ከዚያ እናቱን አያት፤ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ወደ እርሱ ትመጣ ነበር።

ነጭና ጥቁር በለበሰው ሰው መካከል ሰማያዊ ቱታ የለበሰ እርሱ ብቻ ነበር። ታጥቦ የተተኮሰ ቱታ። አባቱ ለሥራ ሲጠራው በዘይት ልብስ አይሄድም ብሎ፣ በሚኖርባት በጎርጎራ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ተጣድፎ የለበሰው ነው።

በስልክ የጠራው አጎቱ ዳኘው ነበር፤ የአባቱ ታናሽ ወንድም።

«የአባትህ መኪና ውሃ ያፈስሳል» አለው። «ከሞተሩ በስተኋላ፣ እጅ የማይደርስበት ቦታ ነው። ያንን ረጅሙን ፒንሳህን ይዘህ ና ብሎሃል።»

«አባባ ነው ያለ?»

«አዎ፣ እሱ ነው። ቶሎ ና።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይጠረጥር ነበር። በእኛ አገር መርዶ መቼም ስሙን ለውጦ ነው የሚጠራህ። «እናትህን ትንሽ አሟታል»፣ «ለመሬቱ ጉዳይ ፊርማህ ተፈልጓል» እየተባለ ስንቱ ሰው ፈገግታውን ይዞ ድንኳን ውስጥ ገብቷል። ባምላክም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቀው ቃል ስለመጣለት መጠርጠሩን ረሳው። እስከ ባሕር ዳር በየፍተሻው እየወረደ፣ ተሰልፎ እየተፈተሸ፣ ተመልሶ እየተሳፈረ፣ መንገዱን ሁሉ ለአባቱ የሚለውን ሲያጠና መጣ። «ጥፋቱ የኔ ነው አባባ» ይበል? ወይስ ምንም ሳይናገር ጉልበቱን ይሳም? አዲስ ዘመን ከተማ ሲደርስ ጉልበት መሳሙን መረጠ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባቱን ሐይቁ ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ እየዞረ ሳለ፣ ከኋላው የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ሰማ።

«ይኼ ነው ያኮረፈው ልጅ?»

«እሱ ነው። ሦስት ዓመት አባቱን ዓይቶ አያውቅም።»

«እኔስ አባትየው ናቸው ያኮረፉ ሲሉ ነው የሰማሁ።»

ባምላክ አልዞረም። ማን ማንን እንዳኮረፈ እርሱም ቢሆን በትክክል ማወቅ ይፈልግ ነበር። አጠገቡ ወደተቀመጠው ዳኘው ጠጋ አለና፣

«ጋሼ ዳኘው» አለው፣ «እውነት ግን ፒንሳህን ይዘህ ና ብሎ ነበር? በገዛ አፉ?»

ዳኘው ንፍሮውን ከአንዱ መዳፉ ወደ ሌላው አዘዋወረ።

«ብሎ ነበር አልሁህ እኮ።»

«መቼ?»

«እንግዲህ ልጄ፣ አሁን የዚህ ጊዜ ነው? እንግዳ አስተናግድ» አለና ተነሥቶ ሄደ።

ሰው እንዲህ ከተጠየቀው ነገር ሲሸሽ መልሱ ይታወቃል። ባምላክ ግን ማወቅ አልፈለገም። አባቱ በእርግጥ «ፒንሳህን ይዘህ ና» ብሎ ከሆነ ይቅር ብሎታል ማለት ነው። አጎቱ ለመርዶ የፈጠረው ከሆነ ደግሞ አባቱ እንደተቀየመው ሞቷል። ከእንግዲህ የሚያስታርቅ ሽማግሌ የለም።

ጠቡ የተነሣው በዚያው ፒንሳ ነበር።

የመኪና ሞተር የሚቀዘቅዝበት ውሃ በጎማ ቱቦ ነው የሚመላለሰው። ቱቦው ከብረቱ ላይ እንዳይወጣ አንቆ የሚይዘውን ቀለበት መካኒኮች ፋሸታ ይሉታል። አንዳንዱ ፋሸታ ብሎን አለው። አንዳንዱ ግን ሁለት ጆሮ ያለው ድርቅ ያለ ብረት ነው፤ ጆሮዎቹን አጥብቆ የጨመቀ ብቻ ነው የሚያላቅቀው። ከፊት ያለውን ማንም ይፈታዋል። ከሞተሩ ኋላ የተደበቀው ግን እጅ እስከ ክርን ድረስ ገብቶ፣ ምንም ሳይታይ፣ በዳሰሳ ነው የሚገኘው። አባቱ ወልደ ጻድቅ ባሕር ዳር ላይ ስም ያወጣው በዚህ ነበር። ሌላው ጋራዥ ሞተር ካላወረድሁ የሚለውን ሥራ፣ እርሱ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከባለ መኪናው ጋር ስለ ዘንድሮ ዝናብ እያወራ ይጨርሰዋል።

ለባምላክም ያስተማረው እንዲሁ ነው። ወደ ሰባታሚት መውጫ ባለችው ጋራዥ የልጁን እጅ ይዞ ከሞተሩ ኋላ ያስገባና፣ «አትጎትት፤ መጀመሪያ ቱቦውን አዙረው። እሺ ሲልህ ያኔ ሳብ አድርገው» ይለው ነበር። ተቆጥቶት አያውቅም። ባምላክ አንድ ጊዜ ጎትቶ የቱቦውን አፍ ሰብሮበት እንኳ «እኔም ሰብሬ ነው የተማርሁት» ብሎ አዲስ ሊገዛ ወጣ።

ረጅሙን ፒንሳ ባምላክ ከአዲስ አበባ አስመጣው። እጀታው እንደ ማንኛውም ፒንሳ ነው፤ አፉ ግን ለብቻው ሆኖ፣ በመካከላቸው እንደ ብስክሌት ፍሬን የሚተጣጠፍ ገመድ አለ። አፉን ፋሸታው ጆሮ ላይ ትሰካና አንተ ከውጭ ቆመህ እጀታውን ትጨምቃለህ። ጠበቅ ሲል ራሱ ይቆለፋል። ወልደ ጻድቅ አገላብጦ አየውና «የተዘጋ ሽንት ቤት መክፈቻ ነው እንዴ?» አለ። ጋራዡ ሁሉ ሳምንቱን በዚህ ሲስቅ ሰነበተ፤ ባምላክም አብሮ ሳቀ፣ ግን ትንሽ ከነከነው።

አንድ ቀን አንድ ባለ መኪና ቸኩሎ መጣ። ወልደ ጻድቅ እንደ ልማዱ ሞተሩ ላይ ተደፍቶ እጁን አስገባ። አምስት ደቂቃ ይበቃው የነበረው ሰው ሰዓት ሊሞላው ነው። ስለ ዝናብ አላወራም። ላቡ ከግንባሩ ሞተሩ ላይ ይንጠባጠባል፤ ባለ መኪናው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ባምላክ ፒንሳውን ይዞ መጣና «ዞር በልልኝ አባባ» አለ። ሰካው፤ ጨመቀው፤ ፋሸታው ወጣ። ደቂቃ አልፈጀበትም። ባለ መኪናው አጨበጨበለት። ጭብጨባ ክፉ ነገር ነው፤ ባምላክን አሰከረውና ሳይታሰብ ከአፉ አመለጠው።

«እጅህ አርጅቷል አባባ! ከእንግዲህ ወንበር ላይ ቁጭ በልልን!»

ሁሉም ሳቀ። ወልደ ጻድቅ ጣቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረገና ወደ ቤቱ ሄደ። ከማግስቱ ጀምሮ ልጁ ባለበት ሰዓት ጋራዥ መምጣቱን ተወ። ሁለት ወር እንዲህ ከሆነ በኋላ ባምላክ ልብሱን ሸክፎ ጎርጎራ ወረደ፤ እዚያ የጀልባም የመኪናም ሞተር እየጠገነ ኑሮውን ጀመረ። በየበዓሉ ይደውላል። የምታነሣው እናቱ ናት። «አባትህ ተኝቷል» ትለዋለች፤ ፋሲካም፣ እንቁጣጣሽም፣ ገናም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ እንግዳው ገና ሳይበዛ፣ ባምላክ ወደ አባቱ መኪና ሄደ። አሮጌዋ ፒክአፕ ግቢው ውስጥ ቆማ የድንኳኑ አንድ ገመድ ጎማዋ ላይ ታስሯል። ኮፈኑን ከፍቶ አጎነበሰ። ከሥር መሬቱ ደረቅ ነው። ሞተሩን አስነሥቶ እስኪሞቅ ጠበቀ። ከኋላ በኩል በስልኩ መብራት አየ፤ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ጠብታ አልነበረም። በዚህ መኪና ከሐይቁ ወዲያ ማዶ ዞሮ መምጣት ይቻላል።

ሞተሩን አጥፍቶ እዚያው ቆመ። መኪናው ውሃ የሚያፈስ ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ይለው ነበር! መካኒክ ሆኖ ጤነኛ ሞተር ያሳዘነው ሰው ቢኖር ባምላክ ብቻ ይሆናል። ግን እንባውም አልመጣለትም፤ ደረቱ ላይ እንደተቀረቀረ ቀረ። ያን ቀን ለመጣው እንግዳ ሁሉ እየተነሣ እጅ ነሣ፤ «እግዜር ያጥናህ» ሲሉት «አሜን» አለ። በውስጡ የሚለው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አልጠራኝም»።

ሠልስቱ ወጣ። ቀሳውስቱ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሄደ። ከሰዓት በኋላ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን አፍርሰው ወንበሩን እየቆለሉ ሳለ፣ ባምላክ ዳኘውን መኪናዋ አጠገብ አገኘው። ገመዱን ከጎማው ላይ እየፈታ ነበር።

«ጋሼ ዳኘው፣ መኪናው አያፈስም።»

ዳኘው ቀና አላለም።

«አየሁት» አለ ባምላክ። «ጠብታ የለውም። እርስዎ ነዎት የፈጠሩት። አልቀየምዎትም፤ የመርዶ ወግ ነው። ግን ምነው በሌላ ነገር በጠሩኝ! ምነው ሌላ ውሸት ባጡ!»

 ዳኘው ገመዱን ጣለና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ ይህን ሁሉ የምፈጥርበት ምን ጭንቅላት አለኝና ነው?» አለ። «እኔማ ሰው ሁሉ የሚለውን ነበር ልልህ የነበረው። እናትህ ታማለች ልልህ። እንቢ ያለኝ እሱ ነው።»

«ማን?»

«አባትህ ነዋ! እንዳልነግርህ በጊዮርጊስ አስምሎኝ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ። ሳንባው ጠንቶበት ሊያርፍ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ‹ስሞት እናትህ ታማለች ብለህ እንዳታስደነግጥብኝ› አለኝ። ‹ከጎርጎራ እዚህ ድረስ ከማያውቀው ሰው ጋር ተጨናንቆ እያለቀሰ አይምጣ። መኪናው ውሃ ያፈስሳል በለው። ረጅሙን ፒንሳህን ይዘህ ና ብሎሃል በለው። ይህን ካልኸው ደስ ብሎት ነው የሚመጣ› አለኝ።»

ባምላክ የመኪናዋን በር ተደገፈ። ደስ ብሎት ነበር የመጣው። አባቱ እንዳለው፣ ልክ እንዳለው። ለአንድ አፍታ ልቡ ሞላ። ወዲያው ግን ቁጥሩ ትዝ አለው።

«አሥራ አንድ ቀን?» ጮኸ። «እኔ በአንድ ቀን እደርስ አልነበረም? በሕይወት እያለ ለምን አልጠራኝም?»

 የመለሰችው እናቱ ናት፤ ከኋላቸው መጥታ ቆማ ኖሯል።

«እጁን እንዳታይበት ነዋ» አለች።

«እጁ ምን ሆነ?»

«ይንቀጠቀጥ ነበር። ከመሄድህም በፊት ጀምሮ። ጠዋት ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነበርሁ። ላንተ አትንገሪ አለኝ። ያን ቀን ከጋራዥ መጥቶ እጁን ጋቢው ውስጥ ከትቶ ተቀመጠ። ‹ልጁ አየብኝ› አለኝ። ‹ምንህን?› ብለው ‹እጄን፤ አርጅቷል አለኝ› አለ።»

«እማ፣ እኔ እኮ ለጨዋታ ነው ያልሁት! ምንም አላወቅሁም!»

«አውቃለሁ። እሱ አልተቀየመህም ልጄ፤ ተደበቀህ እንጂ። ተኝቷል የምልህ ጊዜ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ድምፅህን ይሰማ ነበር። ስልኩን ልስጥህ ስለው፣ ‹ድምፄም ይንቀጠቀጣል፣ ያውቅብኛል› ይለኛል። ዛሬ ነገ እነግርሃለሁ ስል አለቀብኝ።»

ባምላክ ኮፈኑን ከፈተ፤ የቱታውን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰበሰበ። ሞተሩ ላይ ተደፍቶ ባዶ እጁን ከኋላ አስገባ። ብረቱ ክንዱን ላጠው። ጣቱ እየዳበሰ ፋሸታውን አገኘው፤ ሁለቱን ጆሮዎች በሁለት ጣቱ ያዘና ጨመቀ። አልበገር አለው። ጤነኛ የሠላሳ ዓመት እጁ እዚያ ውስጥ ሆኖ እስኪደነዝዝ ድረስ ደጋግሞ ጨመቀ።

«ምን ሆንህ? ውጣ ከዚያ» አለች እናቱ ደንግጣ።

«ያን ቀን ስንት ሰዓት ቆየ እማ?» አለ ፊቱን ሳያነሣ። «እጁን እንዲህ አስገብቶ… እየተንቀጠቀጠ… ስንት ሰዓት ቆየ?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ? አንተ አይደለህ ከጎኑ የነበርኸው?»

«አላየሁትም» አለ ባምላክ። «ባለ መኪናውን ነበር የማየው።»

ይህን ሲል ሦስት ቀን ሙሉ ተቀርቅሮ የነበረው ለቅሶ ወጣ። ወንበር የሚቆልሉት ሰዎች ሥራቸውን አቆሙ። እጁን ከሞተሩ ውስጥ ሳያወጣ፣ ደረቱን ብረቱ ላይ ጥሎ፣ «አባባ! አባባ!» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወለተ ጊዮርጊስ ልታነሣው ሞክራ አልቻለችም። ከወገቧ ላይ ነጠላዋን ፈታች፤ አራት ቦታ አጠፈችውና በደረቱና በቀዝቃዛው ብረት መካከል አስገባችለት።