ከዥዋዥዌው ስር

ሊድያ አራተኛውን ችካል በመዶሻ ስትመታ አስማማው ዓይኑን ጨፈነ። የከተማው መሐንዲስ ናት፤ ገመድ ወጥራ፣ ኖራ በትና፣ የልጆች ዥዋዥዌ የሚተከልበትን እየለካች ነበር። ጣና ዳር የተዘጋው የእንጨት ፋብሪካ መናፈሻ ሊሆን ነው። ያን ሁሉ ባዶ ግቢ ትታ ልክ ጉድጓዱ ላይ አረፈች።

ጉድጓዱን የቆፈረው እሱ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት፣ የመብራት ምሰሶ የሚነከርበት የምስጥ መድኃኒት ጊዜው ሲያልፍበት፣ ሥራ አስኪያጁ "ቅበረውና አፍህን ያዝ" አለው። አሥራ አንድ በርሜል ቀበረ፤ ግማሾቹ ያኔውኑ ያንጠባጥቡ ነበር። በወሩ የፈረቃ አለቃ ሆነ። አፍ መያዝማ ማን ብሎት!

በክረምቱ ዓሣው ሞቶ ዳር ላይ ሲንሳፈፍ፣ አስጋሪው አብዱልመጂድ ፋብሪካው በር ድረስ መጥቶ ጠየቀው። "ከእኛ የወጣ ነገር የለም፤ ሚካኤልን!" ብሎ ማለለት። አብዱልመጂድም ሰው በታቦቱ ከማለ ወዲያ ምን ይባላል ብሎ አመነው።

ያው አብዱልመጂድ አሁን የልጅ ልጁን ሚስራን አቅፎ አጠገቡ ተቀምጧል። የሰፈሩ ሰው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሽማግሌ ይመርቅ ብሎ ተሰብስቧል።

"ጋሼ፣ እርስዎ ቢመርቁልንስ?" አለች ሊድያ። "ከፋብሪካው ሰው የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

"አብዱልመጂድ ይመርቅ።"

"ኧረ ተው! አንተ እያለህ?" ብሎ ሳቀ አብዱልመጂድ። "ይልቅ ተነሥ፤ ሚስራ ለዥዋዥዌው ቸኩላለች።"

ተነሣ። መዳፎች ሁሉ ወደ ላይ ተዘረጉ፤ የሚስራም ጭምር። "ይህን ቦታ..." ብሎ ጀመረና የሚስራን መዳፍ አይቶ አቆመ። ፊቱ ጋለ። በዚህ ዕድሜው፣ አሜን ሊሉለት በሚጠብቁ ሰዎች ፊት፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ሁለት ቃል መርቆ ቢቀመጥ የሚያውቅበት አልነበረም፤ ተከብሮ እንደኖረ ተከብሮ ይቀበር ነበር።

"አሜን!" አለ አንድ የቸኮለ ሰው።

"አሜን አትበሉ!" እጁን አወረደ። "አብዱልመጂድ፣ ያኔ የማልሁልህ በሐሰት ነው። መርዙን እዚሁ ቀብሬዋለሁ። ዓሣህን የፈጀሁት እኔ ነኝ።"

አብዱልመጂድ ሚስራን ብድግ አድርጎ ከኖራው መስመር ወዲያ ወሰዳትና ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

ሊድያ ደብተሯን አወጣች። ቀረብ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ጋሼ፣ ቢሮ ማን ነገረሽ ይሉኛል። አንድ የቀድሞ ሠራተኛ ብዬ ልጻፍ?"

አስማማው የአብዱልመጂድን ጀርባ አየ።

"የለም። አስማማው ገድሉ ብለሽ ጻፊ። የቀበረውም እሱ ነው በይ።"