የኬቭ ወንበር

ዳርሲ የተባለው ጎረምሳ የኬቭን ማድ ቤት እየዘለለ ዞረው። የሚዘለው በእግሩ ሳይሆን በጣቱ ነው። እሱ ራሱ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው አውልቆ፣ መቆጣጠሪያውን በአውራ ጣቱ ይቀጠቅጣል። ስክሪኑ ላይ ማጠቢያው፣ ማንቆርቆሪያውና በመስኮቱ የሚታየው የሎሚ ዛፍ አብረው ይነጥራሉ። ጎኑ ባቆማት ስልክ በኩል ለሚከታተሉት ሰዎች ደግሞ ምላሱ ዕረፍት የለውም።

«ወገኖቼ፣ ይኸው ሌላ በር። ከበሩ ጀርባ ምን ይኖር ይሆን? ቁም ሳጥን። ኧረ ልቤን ልታቆመው ነው ይህች ጨዋታ።»

ሮዊና ከጥቁሩ መጋረጃ አጠገብ እጇን አጣምራ ታየዋለች። ቤቱን የሠራችው እሷ ናት። ከሜልበርን ራቅ ብላ ባለችው በኮላክ ከተማ፣ አባቷ ኬቭ የኖረበትንና ባለፈው ክረምት የሞተበትን ቤት፣ ከበሩ እጀታ እስከ ምንጣፉ ቅዳጅ ድረስ ሦስት ዓመት ሙሉ በኮምፒውተር ስትገነባ ከርማለች። ዳርሲ የተንጋለለበት ወንበር እንኳን የራሱ የኬቭ ነው። ለትርኢቱ ብላ ከኮላክ በጎረቤት መኪና አስጭና ያመጣችው እሷ ናት፤ አሁን ግን ጫማውን ከነጭቃው መደገፊያው ላይ ሲሰቅል እያየች ምነው ባላመጣሁት ትላለች።

ጨዋታው አጭር ነው። ተጫዋቹ በራሱ ዓይን እንደሚያይ ሆኖ ቤቱን ይዞራል። ጠላት የለም፣ መሣሪያ የለም፣ ነጥብ የለም። ያለው የኬቭ ድምፅ ነው፤ እሱም የሚመጣው ተጫዋቹ እጁን ከመቆጣጠሪያው አንስቶ ዝም ብሎ ሲቆም ብቻ ነው። ትንሽ ለቆመ ኬቭ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ብዙ ለቆመ ያወጋል። ንቅንቅ ካሉ ግን ዝም ይላል፣ ልክ በሕይወት እንደነበረው። ይህንን ሮዊና ለማንም አልተናገረችም፣ የትም አልጻፈችም። ደግሞስ ምን ብላ ትጻፍ? ጆሮ ያለው ይሰማል።

ጆሮ ያለው ግን አልተገኘም። ከጠዋት ጀምሮ የጨዋታ ትርኢቱ በሚካሄድበት፣ በሜልበርኑ የብሩንስዊክ ሰፈር አሮጌ አዳራሽ፣ ወንበሩ ላይ የተፈራረቀው ሰው ሁሉ፣ ቆሞ የተገኘ በጥይት የሚመታበት ጨዋታ ላይ ያደገ ነው። አንዱ ግድግዳውን በሙሉ በትከሻው እየገፋ የተደበቀ በር ሲፈልግ ዋለ። ሌላው ሽጉጡ የት እንዳለ ጠይቋት፣ የለም ስትለው አዘነላት። አንዷ ደግሞ ለማጠቢያው ብቻ ሁለት ኮከብ ሰጠች። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ እነዚህ ቀንዱንም ሳይነክሱ ነው የሚወጡት።

ከሁሉም ያንገሸገሸቻት ግን ያመሰገነቻት ናት። ክብ መነጽር ያደረገች የዩኒቨርሲቲ ሴት፣ ቤቱን እንደ ሌሎቹ ሮጣ ጨርሳ፣ አንዲት ቃል ሳትሰማ፣ የሮዊናን እጅ በሁለት እጇ ጨበጠች። ባዶነቱ ነው አለች ጥበቡ። የዘመኑን ሰው ባዶነት እንዲህ ደፍሮ ያሳየ ሥራ አላየሁም አለች። ሮዊና አመሰግናለሁ ብላ ሸኘቻት፣ ከዚያም መጋረጃው ጀርባ ገብታ ጥርሷን ነከሰች። ለአህያ ማር አይጥማትም ብሎ መተው ይቻላል። ሳይቀምሱ ጣፈጠን የሚሉትን ግን ምን ይሏቸዋል?

ዳርሲ የጓሮውን በር ከፍቶ ወጣ፤ ጨዋታው አለቀ። ስልኩን አንስቶ ለወገኖቹ ፍርዱን ሰጠ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ የሚከራይ ቤት ለማየት ዝናብ ላይ ተሰልፌ አውቃለሁ። እውነቴን ነው፣ ከዚህ ይሻላል። እዚያ ቢያንስ አከራዩ ይሰድብሃል።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ሮዊናም ፈገግ አለች፣ የበታች ሠራተኛ በአለቃ ቀልድ እንደሚስቀው ዓይነት ፈገግታ። ይህ ልጅ ሲተኛም የሚያወራ ይመስለኛል አለች በልቧ። ናቀችው። ንቀቱም ደስ አላት፤ ከሐዘኑ ይሻላልና።

ከሰዓት በኋላ ሱላ መጣች። ሱላ የሮዊናን ጨዋታ በነገው ዕለት ለገበያ የምታወጣው ሴት ናት፤ ግሪካውያን ወላጆቿ ከባቡር ጣቢያው ጎን ምግብ ቤት ስለነበራቸው ሰው ሳትመግብ ወሬ መጀመር አታውቅበትም። በዳቦ የተጠቀለለ ቋሊማ ከነሽንኩርቱ እጇ ላይ አስቀመጠችላትና ቀድመው የተጫወቱት ሰዎች የጻፉትን አስተያየት እንዳነበበች ነገረቻት። ባዶ ቤት፣ ባዶ ቤት፣ ባዶ ቤት። ከመቶ አንድ እንኳን ኬቭ የሚባል ሰው መኖሩን ያወቀ የለም አለች።

«አንድ መስመር ብቻ ነው የምልሽ፣ ሮ። መጀመሪያው ላይ ‹ቁጭ በሉ› ብለሽ ጻፊ።»

«ለሚሰማ ሰው አይነገረውም።»

«እንግዳን ተቀመጥ ሳይሉ አልተቀመጠም ብሎ ማማት የት አገር ያለ ነው?» ሱላ ጣቶቿን በወረቀት ጠረገች። «አዳራሹ ሳይዘጋ መልስሽን ንገሪኝ። አይሆንም ካልሽ ነገ አላወጣውም። የኬቭን ወግ አንቺ ብቻ ሰምተሽው ይቀራል።»

ሮዊና ዳቦው ላይ ያለውን ሽንኩርት እየለቀመች መጣል ጀመረች፣ ሽንኩርት እንደምትወድ ሱላ ታውቃለች።

አንድ ነገር ነበር። በዚህ ሙያ ሥራውን ሲፈትሽ ጊዜውን ሙሉ የሚጠብቅ ሠሪ የለም። ጊዜን የሚያስሮጥ ቁልፍ አለ፤ እሱን ተጭኖ ድምፁ መጀመሩን ያያል፣ ማለቁን ያያል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሮዊናም የፈተሸችው እንደዚያው ነው። የቀሩትን የአባቷን የድምፅ ቅጂዎች ስትቆርጥና ስትቀጥል ሰምታቸዋለች። የመጨረሻውንና ረጅሙን ግን፣ አባቷ በመሞቻው ሰሞን ማድ ቤት ተቀምጦ የተናገረውን፣ ሳትቆርጥ እንዳለ ነበር የከተተችው። መጀመሪያውን ሰማች፤ ከዚያ ወዲያ አልቻለችም። ሐዘን ነው ትላለች። ሐዘንም ነበረበት፣ ችኮላም።

ሱላ ሄዳ የሌሎቹን ሠሪዎች ጨዋታዎች ስትዞር አንድ ትልቅ ሰው መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ሸሚዙ የሆስፒታል ነው። የሌሊት ተረኛ ነርስ እንደሆነና ሁለቱ ሴት ልጆቹ ከወዲያ ያለውን የመኪና ጨዋታ እስኪጠግቡ መቀመጫ እንደሚፈልግ በትሕትና ነገራት።

«መጫወት አለብኝ እንዴ?»

«እንደፈለግህ» አለችው ሮዊና። ተስፋ ቆርጣ ነበር።

ሰውየው የኬቭ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ የጆሮ ማዳመጫውን እንደ ጨዋ ሰው ሁለት ጆሮው ላይ አደረገ፣ መቆጣጠሪያውን ጭኑ ላይ አኖረ። ማድ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ጠረጴዛው አጠገብ ሲደርስ አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ። ትንሽ ቆይቶ ማንኮራፋት ጀመረ።

ስክሪኑ ላይ ያለው ብርሃን ተለወጠ። ሮዊና ብቻ የምታውቀው ለውጥ ነው፤ የመስኮቱ ጥላ ወደ ወለሉ ወረደ፣ ጠረጴዛው ላይ እንፋሎት የሚያወጣ ስኒ ተገኘ። ኬቭ ማውራት ጀምሯል ማለት ነው። በዚህ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ቆሞ ጠብቆታል፣ እሱም ተኝቷል። ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡባት፤ ለየትኛው ቦታ እንደምትለቅ ሳትወስን ዳርሲ ጃኬቱን ረስቶ ኖሮ ተመለሰ።

የተኛውን ሰው ሲያይ ዓይኑ በራ። ስልኩን አወጣ።

«ወገኖቼ፣ ጨዋታው የመጀመሪያ ሰለባውን ጣለ። ነርስ ጥሩ፣ ነርሱን ራሱን የሚያነቃ ነርስ ጥሩ።»

ሰው ተሰበሰበ፣ ሳቅ ሆነ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ከተኛው ሰው ጋር ፎቶ ተነሣ። የሮዊና ጆሮ ጋለ። እነዚህ ሁሉ የአባቷ ቤት ውስጥ ከነጫማቸው ሲጋፉ ውለው፣ አሁን ደግሞ እሱ እያወራ ይስቃሉ። ለማንም አልነግርም ያለችውን ሁሉ ረሳች። እጇን ሰደደችና የጆሮ ማዳመጫውን ሶኬት መዥርጣ አወጣችው።

የኬቭ ድምፅ ከስክሪኑ ወጥቶ አዳራሹን ሞላው።

«... ዛፉን ከነሥሩ ነቅለን በተጎታች ነው ከእርሻው ያመጣነው። አብዷል ያላለኝ የለም፣ እናቷን ጨምሮ። ለሎሚ ብሎ! ሮ ግን ተጎታቹ ላይ ወጣችና ግንዱን አቅፋ ቁጭ አለች። እዚህ እስክንደርስ ንቅንቅ አላለችም። ያቺ ልጅ በዕድሜዋ አንድ ቦታ ስትቀመጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።»

ከፊት ያሉት ሳቁ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን ሌላ ነበር። ዳርሲ ስልኩን ዝቅ አደረገ። ሮዊና ይህን ታውቀዋለች፤ የሰማችው እዚህ ድረስ ነው።

«እርሻውን ለምን እንደለቀቅን ግን ነግሬሽ አላውቅም» አለ ኬቭ፣ አሁን ለመቅጃው ሳይሆን ለልጁ። ወንበር ሲጢጥ ሲል ተሰማ፤ ያው አሁን ነርሱ የተኛበት ወንበር። «ድርቅ ነው እያልኩ ኖርኩ። ድርቅ አልነበረም። አሁን ትልቅ ሰው ነሽ፣ ብነግርሽ ... ሮ?»

ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም ይሰማል።

«ሮዊና? ሄደች እንዴ?» ከዚያ በአፍንጫው ሳቀ። «መቅጃውን አብርታ ሄደች። ይሁን። ይህ እንኳን ለዕቃ የሚነገር አይደለም። ስትመለስ እነግራታለሁ።»

ሌላ ስኒ ከመደርደሪያ ሲወርድ ተሰማ። ሻይ ተቀዳ። ማንኪያ ዞረ፣ ቆመ። ከዚያ ኬቭ ተቀምጦ መጠበቅ ጀመረ። ሌላ ምንም የለም፤ የሽማግሌ ትንፋሽ፣ ከውጭ የሩቅ ውሻ፣ አልፎ አልፎ በጠረጴዛው ላይ የጣት ምት። የነርሱ ትንፋሽ ከኬቭ ትንፋሽ ጋር ተደባለቀ። ቀኑን ሙሉ ለአፍታ መቆም ያቃተው ሕዝብ ቆሞ ቀረ። ከኋላ የመጡት ምን እንደሆነ ሲጠይቁ ከፊት ያሉት ዝም በሉ እያሉ በእጃቸው ምልክት ሰጧቸው። ሱላም በሰው መሐል ሾልካ መጥታ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች።

ሮዊና አስታወሰች። ስልክ ተደውሎላት ነበር። ስለዚሁ ጨዋታ ነበር የተደወለው፤ አንድ የምታውቀው ሰው ስለ ብርሃኑ አሠራር ሊጠይቃት። ጓሮ ወጥታ የሎሚውን ዛፍ ተደግፋ ስታብራራ፣ ስትስቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ ስትንቃቸው የዋለችው ሰዎች ከኬቭ ጋር አልተቀመጡም፣ እውነት ነው። እነሱ ግን ኬቭን አያውቁትም።

ዳርሲ ደረቷ ላይ የተለጠፈውን ስሟን አነበበ። ፊቱ ላይ የነበረው ፌዝ ጠፋ፤ አሁን ከዕድሜው በታች ልጅ ይመስላል። ጠጋ ብሎ፣ የተኛውን ሰው እንዳይቀሰቅስ ይመስል ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቃት።

«ትመለሳለች?»

ሮዊና ራሷን ነቀነቀች፤ አዎ። ሶኬቱ እጇ ውስጥ ነው። መልሳ ብትሰካው ድምፁ ወደተኛው ሰው ጆሮ ይገባና እዚያው ይቀራል፤ የቀረውን ማንም አይሰማም። እጇ ወደ ቀዳዳው ሄደ፣ ደረሰና ቆመ።

ከድምፅ ማጉያው ኮቴ ተሰማ። የጓሮውን ጠጠር የሚረግጥ ፈጣን እግር፣ የሚቸኩል ሰው እግር፣ እየቀረበ መጣ፤ የጓሮው በር ሲጥ ብሎ ተከፈተ። ከኋላ አንዲት ሴት «እሰይ፣ መጣች» አለች በሹክሹክታ። ሰዉ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ሮዊና ከወንበሩ ሥር፣ ከነርሱ እግር አጠገብ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«መጣሽ?» አለ ኬቭ። ድምፁ ደስ ብሎታል። «በይ ቁጭ በይ። ሻይሽ ቀዘቀዘ።»

አዳራሹ በሙሉ የልጅቷን መልስ ጠበቀ። መልሱን የምታውቀው ሮዊና ብቻ ነበረች፤ ያ ሻይ ሳይጠጣ ነው የቀረው።